የክርን ማረፊያ

እኔ የጀመርኩትን ሳልጨርስ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ግማሹን ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ፣ ግማሹ ደግሞ ከእኔ ጋር ተከራክሮ ተሸንፏል። ስለዚህ የአባቴን አሮጌ ፒክአፕ ውስጧን ሙልጭ አድርጌ አውጥቼ አዲስ አለብሳታለሁ ብዬ ስነሳ "ተይ" ያለኝ አልነበረም። ቢኖርም አልሰማውም ነበር፣ እውነቱን ልናገርና።

መኪናዋ ነጭ፣ ባለ አንድ ጋቢና ናት። አባቴ ደህና በነበረበት ጊዜ ወደ ይጁቤ፣ ወደ ደብረ ወርቅ፣ አንዳንዴም እስከ መርጡለ ማርያም ድረስ ይመላለስባት ነበር። ጤፍ፣ በግ፣ ሙሽራ፣ በሽተኛ፣ ካህን፣ ያልጫነባት የለም። የሚታማው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሰዓት። አሥራ ሁለት ሰዓት እንነሳለን ካለ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተሩ ይነሳል። አንድ ቀን የገዛ ወንድሙ ከኋላ "ኧረ ጠብቀኝ!" እያለ ሲሮጥ በመስታወት እያየው ጥሎት ሄዷል። አጎቴ እስከ ዛሬ በዚህ ነገር ሲቀልድ ከልቡ አይደለም።

ከሦስት ዓመት በፊት የአባቴ ዓይን ጠፋ። የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል አሉን። እናቴ ከዚያ ቀደም ብላ አርፋለች፤ እኔ ደግሞ ባሌን ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ ቆይቻለሁ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። መኪናዋን አሁን የምነዳው እኔ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ገበያ ለመሄድ፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት።

ጠዋት ጠዋት ግን መኪናዋ የእሱ ናት። ጸሎቱን ያደርስና ዱላውን ይዞ ከበረንዳው ይወርዳል። እስከ መኪናዋ አሥራ አራት እርምጃ ነው፣ ቆጥሮታል። በሩን ከፍቶ ይገባል፣ መሪውን ይይዛል፣ ግራ ክርኑን በሩ ላይ ያሳርፋል፣ አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ይቀመጣል። ጎረቤታችን ውሃ ልትቀዳ በግቢያችን ስታልፍ ሁልጊዜ በመስኮት ትጠይቀዋለች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ወዴት ነው?"

"ደብረ ወርቅ። ሰው ከሞላ እንሄዳለን።"

"እኔንም ይጫኑኛ!"

"በሰዓቱ ከመጣሽ።"

ከቤት የሚወጣው ለዚህች አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰው ካልመራው አይሄድም፣ ሰው ሲመራው ደግሞ አይወድም። ያቺ ሰዓት ባትኖር አልጋ ላይ እንደሚቀር ሐኪም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር።

ወደ ጉዳዩ የከተተኝ ቀሚሴ ነው። የጋቢናው ወንበር ቆዳ አልቆ፣ ስፖንጁ ተቦርቡሮ፣ ሽቦው ብቅ ብሏል። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ስወርድ ሽቦው ቀሚሴን ከኋላ ይዞ ጨረረረር አደረገልኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል በሙሉ ቆሞ እያየ! ሳቃቸውን ለመዋጥ የሚታገሉትን ልጆች ፊት እስካሁን አልረሳውም። በዚያ ላይ ኮርኒሱ ተላቆ ወርዶ ጭንቅላቴ ላይ ይተኛል፤ ስነዳ በአንድ እጄ ወደ ላይ እየደገፍኩት ነው። ቆሽቴ አረረ። "በቃ! ለገና አዲስ ትሆናለች" አልኩ።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ድንገት ደስ ላሰኘው ነው። ደግሞ ጊዜው ተመቸኝ፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ አክስቴ መጥታ ለሁለት ሱባኤ ጠበል ላስጠምቀው ብላ ወሰደችው። አሥራ አራት ቀን። እነሱ ከበር እንደወጡ መኪናዋ እጄ ገባች።

ማውጣቱን ራሴው ነው የሠራሁት። ለባለሙያ ከምሰጥ ነገሩን ልየው አልኩ፤ የተገጠመ ነገር ሁሉ የሚፈታበት መንገድ አለው፣ ፊዚክስ ነው። የመስኮቱ ማዞሪያ አልወጣ ሲለኝ ከበስተኋላው ቀጭን ጨርቅ አስገብቼ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ስስበው፣ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሽቦ ጠብ ብላ ወጣች። አቤት ደስ ያለኝ ደስታ! ለብቻዬ ጮኼ አጨበጨብኩ። የበሩን ሽፋን በካቻቪቴ ዙሪያውን ፈነቀልኩት፣ የፕላስቲክ ቁልፎቹ ተራ በተራ ቋ፣ ቋ አሉ። ሦስት ሰበርኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥፎ አይደለም። ብሎኖቹን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ በእስክሪብቶ ቁጥር ጻፍኩባቸው። ከኮርኒሱ ውስጥ የወረደብኝ አቧራ የሦስት ወረዳ መንገድ ነው፤ ሁለት ቀን አስነጠሰኝ።

የክርን ማረፊያው ከሁሉ የባሰ ነበር። በሹፌሩ በር ላይ ያለው፣ አባቴ ግራ ክርኑን የሚያሳርፍበት። ቆዳው መሐሉ ላይ ጎድጉዶ እንደ ድንጋይ ለስልሷል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ተቀድዶ በወፍራም የጥጥ ፈትል ተሰፍቷል። ሰባት ትላልቅ ስፌት። በጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ፈትል፣ እሱም በቆሻሻ ቡናማ ሆኗል። "ምን ዓይነት ጋራዥ ነው ይህን የሰፋው?" ብዬ ሳቅሁ። አፌ ዝም ቢል ምን ነበረበት?

ወንበሩን፣ የበር ሽፋኖቹን፣ ሁሉንም ጭኜ የመኪና ወንበር ወደሚያለብሰው ታፒሰሪ ሠራተኛ ወሰድኩ። ልጁ ተማሪዬ ነበር። የኒውተንን ሕግ ሦስት ጊዜ አስተምሬው ሦስት ጊዜ ረስቷል፣ እጁ ግን የተባረከ ነው። ቡናማ ቆዳ መረጥኩ፣ ጥራቱ የታወቀውን። አልቆጠብኩም። ሥራውን ሊጀምር ሲል አሮጌውን ቁልል በእግሩ ነካ አደረገና ጠየቀኝ።

"ቲቸር፣ ይሄን ምን ላድርገው?"

"ወዲያ ጣለው!"

"አይጣልም፣ የሚወስደው አለ። ከይጁቤ የሚመጣ ኮርቻ ሠሪ አለ። ስፖንጁንም ቆዳውንም ለበቅሎ ኮርቻ ይጠቀምበታል።"

"እንግዲያው በቅሎዎቹ ይመቻቸው" ብዬ እየሳቅሁ ሄድኩ።

በአሥር ቀን ውስጥ አለቀ። ራሴ መልሼ ገጠምኩት። ኮርኒሱ ውጥር ብሎ ነጭ፣ ወንበሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ በሮቹ ቡናማ፣ ስፌቱ ሁሉ ቀጥ ያለ። ጎረቤታችን አንገቷን በመስኮት አስገብታ "ውይ! ሙሽራ ትጫንባታለች!" አለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እኔ ያልኩት ሲሆን እንዲህ ነው።

አባቴ ከጠበል ሲመለስ እጁን ይዤ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ወሰድኩት።

"ምንድነው የሚሸተኝ?" አለ ገና ሳይገባ።

"ግባና ንካው፣ አባዬ!"

ገባ። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ኮርኒሱን ዳሰሰ። ወንበሩን ዳሰሰ። መሪውን ያዘ፣ እሱንም አልብሼዋለሁ። ከዚያ ግራ ክርኑን በሩ ላይ አሳረፈና አውራ ጣቱ ወደ ጫፉ ሄደች። ወዲያ ወዲህ አለች። ቆመች። እንደገና ሄደች። እኔ ቆሜ "እንዴት ነው?" እያልኩ እጠብቃለሁ።

"ጎበዝ ልጅ ነሽ" አለ። "ደክመሻል። እግዚአብሔር ይስጥሽ።"

ወርዶ ወደ ቤት ገባ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልተቀመጠም። የመንገድ ድካም ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት አልወጣም። "ይበርዳል" አለኝ። በሦስተኛው ቀንም ይበርዳል። የታኅሣሥ ጠዋት ማርቆስ ላይ ይበርዳል፣ አይካድም፤ ግን አምና በዚህ ብርድ ጋቢውን ደራርቦ ይወጣ ነበር። አዲሱ ቆዳ ቀዝቅዞበት ይሆናል ብዬ የበግ አጎዛ አነጠፍኩበት። የማስቲሹ ሽታ ይሆናል ብዬ በሮቹን ሙሉ ቀን ከፍቼ ተውኳቸው፣ ዶሮዎቹ ገብተው ወንበሬን አበላሹት። ራዲዮ ገዝቼ አስገጠምኩ። ምንም። ቁርሱን አልጋው ላይ መብላት ጀመረ። ጎረቤታችን "ጋሼ ታመሙ እንዴ?" ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ጠዋት ትቼው እንደሄድኩት ተኝቶ አገኘሁት። ያኔ ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ፣ ተፈጥሮዬ ነው።

"አባዬ፣ ምን አደረግኩህ?" አልኩት ጮክ ብዬ። "ያን ሁሉ ደክሜ፣ ላንተ ብዬ! ካልወደድከው አልወደድኩትም በለኝ! ዝም ብለህ መተኛት ምንድነው?"

ቆይቶ ተነስቶ ተቀመጠ።

"ያቺ ስፌት የት ሄደች?" አለኝ።

"የቷ ስፌት?"

"የክርኔ ማረፊያ ላይ ያለችው። እናትሽ የሰፋቻት።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

እንዲህ ነበር የነገረኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በክረምት፣ ከደብረ ወርቅ ሲመለሱ ነው። የእናቴ እህት አብራ ልትመጣ ተቀጣጥረው አረፈደች፤ አባቴ ደግሞ እንደ ልማዱ ጥሏት ተነሳ። እናቴ በንዴት ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብላ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መሐል መንገድ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ዝናብ። የሚያወጣቸው በሬ እስኪመጣ መጠበቅ ነው፣ ግማሽ ቀን።

"ከነጠላዋ ጫፍ መርፌ አወጣች" አለ አባቴ። "ከቋጠሮዋ የራሷን ፈትል። በላዬ ላይ ተንጠራርታ ያቺን የተቀደደች ቦታ ትሰፋት ጀመር፣ እኔ እንደሌለሁ። እኔም ዝም፣ እሷም ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ በልቤ እቆጥራለሁ። ሰባተኛዋ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና 'አንተ ሰውዬ፣ እኔም ባረፍድ ጥለኸኝ ትሄዳለህ?' አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"እሄዳለሁ አልኳት።"

"አባዬ!"

"ሳቀች። እስክታለቅስ ሳቀች። በሬው ሲመጣ ገና እየሳቀች ነበር።" "ጥላኝ የሄደችው ግን እሷ ናት። እኔ እዚያ ስቀመጥ በጣቴ እቆጥራታለሁ። ሰባተኛዋ ላይ ስደርስ ትስቃለች። ሌላ ምንም የለም፣ ልጄ። መኪናሽ ቆንጆ ናት።"

የገዛ እናቴን ፈትል፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከእጇ ያልተለየውን፣ ጋራዥ የሰፋው ነው ብዬ ስቄበታለሁ! ከክፍሉ ወጥቼ በረንዳው ላይ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ግን ፊቴን ታጥቤ ቁልፉን አነሳሁ። ማልቀስ ሥራ አይደለም።

ታፒሰሪው ልጅ ገና ከሩቅ ሲያየኝ የሆነ ነገር እንዳጠፋ ገብቶታል። "ኮርቻ ሠሪው ባለፈው ሳምንት ወስዶታል፣ ቲቸር" አለኝ። "ነገ ይጁቤ ገበያ ነው፣ እዚያ ያገኙታል። እኔም ልምጣ?" አያስፈልግም አልኩት።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ፒክአፗን አስነስቼ ይጁቤ ገባሁ። ኮርቻ ሠሪውን ገበያው ዳር፣ ኮርቻዎቹን ደርድሮ አገኘሁት። እርጋታ ያለው ሽማግሌ ነው። ነጭ ፈትል ያለበት ጥቁር ቆዳ ስለው ወዲያው አወቀው።

"ስፌቱን አልፈታሁትም" አለኝ። "ከእኔ እጅ ይበልጣል። እያንዳንዷን ሁለት ጊዜ እየዞረች ነው የሰፋችው። ሴት ናት፣ አይደል? ፈትሉንም ራሷ ነች የፈተለችው።"

ኮርቻ ሠሪ ያወቀውን ልጇ አላወቅሁትም። አንገቴን ደፋሁ።

"አሁን የት ነው ያለው?"

"ተሸጧል። ለአንድ ቄስ ኮርቻ ሆኗል። ዛሬ ገበያ ላይ ናቸው፣ በቅሎዋን እዚያ ማዶ አስረዋታል።"

ማዶ አየሁ። የበቅሎ ጫካ ነው! ሠላሳ ትሆን አርባ በቅሎ ባሕር ዛፉ ሥር ታስሯል። ምን አደርጋለሁ፣ አንድ በአንድ እየዞርኩ ኮርቻ መመልከት ጀመርኩ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ የከተማ ጫማዬን አድርጌ፣ አንዷ ልትረግጠኝ ስትል ዘልዬ፣ ሌላዋን "እረፊ!" እያልኩ። ጠባቂው ሰውዬ ጠርጥሮኝ ተከተለኝ።

"ሴትዮ፣ በቅሎ ጠፍቶብሽ ነው?"

"አይ፣ መኪና" አልኩት።

እንደ እብድ አይቶኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔ ግን ያን ጊዜ አየሁት። አንዲት ዳለቻ በቅሎ ላይ፣ ከኮርቻው በስተቀኝ በሚወርደው ክንፍ ላይ፣ የሰው ጉልበት በሚያርፍበት ቦታ፣ ሰባቱ ስፌት። ኮርቻ ሠሪው ወደ ውጭ አድርጎ አስቀምጧቸዋል። እጄን ዘርግቼ ዳሰስኳቸው። በቅሎዋ ጆሮዋን አስተኛች እንጂ አልነካችኝም፣ እግዜር ይስጣት።

"ምን ልትሠሪ ነው?" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ቄሱ ናቸው፣ ጥላቸውን እንደ ዱላ ይዘው።

ጎንበስ ብዬ መስቀል ተሳለምኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ዓይኑን፣ እናቴን፣ እኔን ደንቆሮዋን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ "አባትሽ ማነው?" አሉኝ። የነጯ ፒክአፕ ሹፌር ነው ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

"እሱ ሰውዬ! በሐምሌ ዝናብ፣ ለንግሥ ስሄድ፣ መኪናው ጋ ልደርስ ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ ጥሎኝ የሄደው! በእግሬ ነው የደረስኩት፣ ጭቃ ለብሼ!"

"አባ፣ አርፍደው ይሆናላ" አልኳቸው።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። በቅሎ ጠባቂው እንኳ አፉን ያዘ። ቄሱ ትኩር ብለው አዩኝና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነው።

"አባትሽን ነሽ" አሉ። "አርፍጄ ነበር፣ አዎ። ግን ስሚኝ፣ ነገ ቅዳሴ አለብኝ፤ ኮርቻዬን ራቁቱን ትተሽብኝ አትሄጂም። ያችን ትወስጃለሽ፣ ልኳን ከአዲሱ መኪናሽ ቆርጠሽ ትሰጪኛለሽ። ሌላ ቆዳ አልፈልግም። ያማረብሽን ነው የምፈልገው።"

ከበደኝ፣ አልዋሽም። ያ በር እኮ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ግን ካቻቪቴዬ በቦርሳዬ ነበር፣ ከእኔ አይለይም። ገበያ መሐል በሩን ከፍቼ የክርን ማረፊያውን ፈታሁት። ኮርቻ ሠሪው አዲሱን ቡናማ ቆዳ ከላዩ ገፎ ኮርቻው ላይ ሰፋው፣ አሮጌውን በወስፌ እየፈታ አወጣልኝ። ሰው ከቦ ያያል። ዳለቻዋ በቅሎ በአንድ ጎን ጥቁር በአንድ ጎን ቡናማ ሆና ቆመች፤ አማረባት፣ ከእኔ መኪና ይልቅ።

"ለአባትሽ ንገሪልኝ" አሉ ቄሱ ሲወጡባት። "ይቅር ብዬዋለሁ በይው።"

አንድ ጣጣ ቀረ። ቆዳው ኮርቻ ላይ ሲወጠር ከሰባተኛዋ ስፌት ወዲያ ያለው ቦታ አንድ ጣት ያህል ተሰንጥቋል። ማርቆስ እንደደረስኩ ወደ ታፒሰሪው ልጅ ወሰድኩት። አገላብጦ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"ማሽን አይነካውም ቲቸር፣ አርጅቷል፣ መርፌው እንደ ወረቀት ይቀደዋል። በእጅ ነው መሰፋት ያለበት።"

"ታዲያ ስፋው።"

"የእናትዎን ስፌት እኔ አልቀጥልም" አለኝ። ኮስተር ብሎ። "እርስዎ ይስፉት። እኔ ገጥሜ እሰጥዎታለሁ።"

የኒውተንን ሕግ የረሳ ልጅ!

እኔ ደግሞ መርፌ አላውቅም። እናቴ ልታስይዘኝ በሞከረች ቁጥር "ፈተና አለብኝ" እያልኩ ሮጬ አመልጥ ነበር፤ በእርግጥም ፈተና ነበረብኝ፣ አንደኛም እወጣ ነበር። ቤት መጥቼ ሣጥኗን በረበርኩ። ፈትሏ የለም፤ ያለው ሁሉ ለሸማኔ ተሰጥቶ እንደነበር ትዝ አለኝ፣ ያሰጠሁትም እኔው ነኝ። ከሱቅ ክር ገዛሁ። መብራቱ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ቆዳውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ መርፌውን ስገፋ ጣቴን ወጋኝ፣ ስጎትት ክሩ ተቋጠረ፣ ፈታሁት፣ እንደገና። ሁለት ጊዜ ለመዞር ስሞክር ሁለተኛዋ ዙር ከመጀመሪያዋ ጎን አረፈች። አንዲት ስፌት! አርባ ደቂቃ ፈጀችብኝ። በዚያ ጊዜ የሦስት ክፍል ደብተር አርሜ እጨርስ ነበር። እሷ ግን በጭቃ መሐል፣ በንዴት፣ ሰባቱንም እንደዚያ ቀጥ አድርጋ ሠርታለች። ያኔ ነው ስለ እናቴ እጅ ምንም እንደማላውቅ የገባኝ፤ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ልጁ መጥቶ ገጠመው። አዲስ ቡናማ በር መሐል ጥቁር አሮጌ ቁራጭ። ለዓይን ያስጠላል። ለማን ዓይን ነው ታዲያ?

ሰኞ ጠዋት ወደ አባቴ ክፍል ገባሁ።

"አባዬ፣ ተነስ።"

"ይበርዳል።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። ሰው ሞልቶ ቆሟል። አንተ ከመቼ ወዲህ ነው የምታረፍደው?"

ጋቢው ተገለጠ። ከዚያ እግሮቹ ጫማ ሲፈልጉ ሰማሁ። ይህን ሰው አውቀዋለሁ።

አሥራ አራት እርምጃ። ከኋላው ተከተልኩት፣ አልያዝኩትም። በሩን ከፍቶ ገባ፣ መሪውን ያዘ፣ ክርኑን አሳረፈ። ጉድጓዱን ክርኑ አገኘው፤ ትከሻው ሲወርድ አየሁ። አውራ ጣቱ ሄደች። እኔ በመስኮቱ ቆሜ አብሬው እቆጥራለሁ። አንድ። ሁለት። ቀስ እያለ፣ እያንዳንዷ ላይ እየቆመ። ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ ፊቱ ፈካ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ለእኔ አልነበረም።

"አንድ ቄስ ይቅር ብዬዋለሁ ብለውሃል" አልኩት፣ እንባዬን ለመደበቅ። "በሐምሌ ዝናብ ጥለሃቸው ሄደህ።"

"አርፍደው ነበር" አለ ወዲያው።

ከዚያ አውራ ጣቱ አንድ እርምጃ ወደፊት አለችና ቆመች። ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች።

"ይቺስ? ይቺ የማን ናት?"

"የእኔ።"

ዳሰሳት። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ።

"ጠማማ ናት" አለ። "ክሩም ናይለን ነው።"

"አውቃለሁ። ልፍታት?"

ጎረቤታችን ጄሪካኗን ይዛ ብቅ አለች፣ አይታውም "ጋሼ! ዛሬ ወዴት ነው?" ብላ ጮኸች። እሱ ግን ገና አልመለሰላትም።

"ተያት" አለኝ። "እለምዳታለሁ።" አውራ ጣቱን ከላይዋ አላነሳም።